የእጅ ሰዓታችንና የሶላት ወቅት

(ይህ ጽሑፍ በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር ሲሆን ለኅትመት እንዲመች ሆኖ ተዘጋጅቷል።)

  

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ እጅ ሰዓት ነው። «ስንት የዲን ጉዳይ እያለ ስለ ሰዓት ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለምን እንደመረጥነው ግን በደረሰብን ነገር ብንጀምር ይሻላል።

በ1434 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የገባው በክረምቱ መካከል፣ በሐምሌ 2005 ነበር። ያኔ እናገለግልበት በነበረው መስጂድ አንድ ቀን ሰማዩ ከዙህር ጀምሮ እንደጠቆረ ዋለ። ፀሐይ የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም። የመስጂዱ የግድግዳ ሰዓት በወቅት ሰሌዳው ላይ የተጻፈችው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሙአዚናችን አዛን አደረገ። ተምር ታደለ፣ ውሃ ተጠጣ፣ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አልን። ለመግሪብ ሶላት ሰፍ ልንይዝ ስንነሳ በምዕራብ በኩል ደመናው ተገለጠና ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ምንጣፋችን ላይ ተነጠፈች። ዝም ተባባልን። ከመስጂዱ አጥር አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናታችን በሴቶቹ በር ብቅ ብለው፣ «ኧረ ሸኾቼ፣ ፀሐይዋ ገና በረንዳዬ ላይ ናት!» አሉን።

ነገሩ ሲጣራ ከጀመዓው አንድ ወንድማችን፣ ሰዉ ለፈጅር እንዳይዘገይ በማሰብ፣ ሰዓቱን 10 ደቂቃ አስቀድሞት ኖሯል። ኒያው መልካም ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም። እኛም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም። የጀመዓው ኢማም ሆነን ሳለ የእጃችን ሰዓት ባትሪዋ አልቆ ሁለት ሳምንት ያህል በኪሳችን ይዘናት ስንዞር ነበር። በዚያ ምሽት ከመካከላችን የሚሠራ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ነገር ግን የግድግዳውን ሰዓት ከእጁ ሰዓት ጋር ያስተያየ አልነበረም።

ተመሳሳይ ነገር በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እንደደረሰ አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪ ተዘግቧል። ደመናማ በሆነ ቀን ካፈጠሩ በኋላ ፀሐይ ወጥታለች። ቀዳውን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም አብዛኞቹ፣ አራቱን መዝሀቦች ጨምሮ፣ የዚያ ቀን ጾም ቀዳ መውጣት አለበት ይላሉ። ወንጀል ግን የለበትም፤ ሆን ብሎ ያደረገው የለምና። እኛም በዚሁ መሠረት ለጀመዓው ነገርን፤ ከዒድ በኋላ ያን ቀን ቀዳ አወጣን። እኚያ እናታችን ግን ቀዳ አልነበረባቸውም። እሳቸው ያፈጠሩት በሰዓት ሳይሆን በረንዳቸውን አይተው ነውና።

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ሶላት በምእመናን ላይ በወቅት የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ነግሮናል። ወቅቱን ግን በሰዓት ቁጥር አልሰጠንም። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ቀን እየመጣ ሲያሰግዳቸው ያሳያቸው የጥላን ርዝመት፣ የፀሐይን መጥለቅ፣ የምዕራቡን ቅላት መጥፋትና የጎህን መቅደድ ነው። በእጃችን ያሰርናት ሰዓት ወቅቱን አታስገባም፤ ገብቷል ብላ ትመሰክራለች እንጂ። ምስክር ደግሞ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደሚታመን ይጠየቃል።

ቀደምቶቻችን ሰዓትን እንዴት ይጠይቁ ነበር?

ቀደምቶቻችን ለዚህ ሥራ ሰው ይቀጥሩ ነበር። በትላልቅ መስጂዶች የሶላትን ወቅት የሚያሰላ ባለሙያ ሙወቂት ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በደማስቆው የኡመያ መስጂድ ያገለገለው ኢብኑ ሻጢር ነው። እ.ኤ.አ ከ1304 እስከ 1375 የኖረ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። በ773 ዓመተ ሂጅራ ለመስጂዱ ሚናራ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመትና አንድ ሜትር ያህል ስፋት ባለው እብነ በረድ ላይ የፀሐይ ሰዓት ቀርጾ አበጀ። ከዚያ በፊት ደግሞ በ767 ዓመተ ሂጅራ ጎኗ ከ12 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ሣጥን ሠርቷል። በውስጧ የዙህርንና የዐሱርን ወቅት የሚለይ የጥላ መለኪያና ቂብላን የሚያመለክት ኮምፓስ ይዛለች። በብብት ተይዛ የምትዞር የሶላት ሰዓት ናት ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ የእጅ ሰዓት ሊፈጠር ገና ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲቀረው!

በዚያው በደማስቆ ጀይሩን በሚባለው በር ላይ ደግሞ በውሃ ኃይል የሚሠራ ትልቅ ሰዓት ነበር። በኑረዲን ዘንኪ ዘመን የሠራው ሙሐመድ አስ-ሳዓቲ ይባላል፤ «ሰዓተኛው» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1184 ያየው መንገደኛው ኢብኑ ጁበይር ሁለት የናስ ጭልፊቶች ከአፋቸው ኳስ ወደ ሳሕን እየጣሉ ሰዓቱን በድምፅ ሲያሰሙ፣ ሌሊት ደግሞ በመብራት ሲታይ መመልከቱን ጽፏል። ሰዓቱ እየቆየ ሲበላሽ የሠሪው ልጅ ሪድዋን ጠገነው፤ እንዴት እንደሚጠገንም በ1203 መጽሐፍ ጻፈ። ሰዓት የሚሠራም የሚጠግንም ሰው በሙስሊሙ ዘንድ የተከበረ ዓሊም ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ዳር አጉሊ መነጽር በዓይኑ ሰክቶ የተቀመጠውን ሰዓት ሠሪ ስናይ ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

በጥርስና በሞላ የሚሠራውንም ሰዓት ሙስሊሞች ችላ አላሉትም። ተቂዩዲን የተባለው ሊቅ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጥርስ ሰዓቶች መጽሐፍ ጽፏል፤ በኢስታንቡል የከዋክብት መመልከቻም አቋቁሞ ነበር። ሆኖም መመልከቻው እ.ኤ.አ በ1580 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰዓት መሥራቱን አውሮፓውያን እየቀደሙን ሄዱ፤ እኛ ገዢዎች ሆንን። የለንደን ሰዓት ሠሪዎች ለዑስማኒያው ገበያ ብለው በፊታቸው ላይ የዐረብ ቁጥር ያለባቸውን የኪስ ሰዓቶች እየሠሩ ይልኩ ነበር።

ዑስማኒያዎቹ ሰዓቱን ከውጭ ቢገዙም የሚሞሉት ግን በራሳቸው ሥርዓት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓቱ 12 ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት በኋላ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የፀሐይ መጥለቂያ ከቀን ቀን ስለሚንሸራተት ሰዓትን በየጊዜው በጥቂት ደቂቃ ማስተካከል ግድ ነበር። ስለዚህ በመስጂዶች ግቢ የሙወቂት ክፍል ይሠራ ነበር። መንገደኛው በመስኮቱ በኩል ትክክለኛውን ሰዓት አይቶ የኪስ ሰዓቱን ያስተካክላል። ይህ አቆጣጠር በቱርክ በሕግ የቀረው በታኅሣሥ 1925 እ.ኤ.አ ነው። ሕጉ ሲለወጥ የመስኮቱም ሰዓት ሥራ ፈታ።

የእኛ የሀገራችን አቆጣጠር ከዚህ ጋር ዘመድ ይመስላል፤ ሌሊቱም ቀኑም 12 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራልና። ከባድ ስሕተትም የሚመጣው በዚሁ መመሳሰል ነው። የእነርሱ 12 ሰዓት ፀሐይዋን ይከተላል፤ የእኛ 12 ሰዓት ግን ዓመቱን በሙሉ ከቦታው አይንቀሳቀስም። በአዲስ አበባ በኅዳር መግቢያ ፀሐይ የምትጠልቀው ልክ 12 ሰዓት እንዳለፈ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ወደ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ትደርሳለች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ መግሪብ ነው» የሚል ሰው በክረምት ለጾመኛ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ፈትዋ ሰጠ ማለት ነው። ዙህርም እንዲሁ ነው። «ስድስት ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት» እንላለን። የሀገራችን ሰዓት የተለካው ግን ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኝ መሥመር ስለሆነ በአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። በትክክል 6 ሰዓት ላይ ዙህር የሚሰግድ የአዲስ አበባ ሰው በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን ወቅቱ ገብቶለት አያውቅም።

ሰዓት ከኪስ ወደ እጅ

አሁን ወደ እጅ ሰዓት እንምጣ። በክንድ የሚታሰር ሰዓት መጀመሪያ የሴቶች ጌጥ ነበር። በፓሪስ የነበረው ብሬጌ የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ በ1810 ለናፖሊዋ ንግሥት ለካሮሊን ሙራ እንዲሠራ ታዞ በ1812 የጨረሰው ሰዓት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ወንዶቹ ግን መቶ ዓመት ያህል በሰንሰለት የታሰረ የኪስ ሰዓታቸውን አልለቀቁም፤ በእጅ የሚታሰረውን የሴት አምባር ነው ብለው ይንቁት ነበር። በ1904 የብራዚሉ ተወላጅ አብራሪ ሳንቶስ ዱሞን፣ እየበረረ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት ስለተቸገረ፣ ወዳጁ ካርቲዬ በእጅ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት።

ንቀቱን ጨርሶ ያጠፋው ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ከ1914 እስከ 1918 በምሽግ ውስጥ የነበረ ወታደር በአንድ እጁ ጠመንጃ ይዞ በሌላው ከካፖርቱ ሥር የኪስ ሰዓት መፈለግ አልቻለም። መድፈኛውና እግረኛው በተባለችው ደቂቃ እኩል መነሳት ነበረባቸው። ስለዚህ ሰዓቱ ወደ እጅ ወጣ። በጨለማ እንዲታይም ቁጥሮቹ ራዲየም በተባለ የሚያበራ ነገር ተቀቡ። ከዚህ ጋር የሚታወስ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ቀለሙን የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተነግሯቸው ስለነበር መርዙ ወደ አጥንታቸው ገብቶ ብዙዎቹን ለሕመምና ለሞት ዳረጋቸው። አንዳንዶቹ ቀጣሪዎቻቸውን ከሰው በ1928 ካሳ አገኙ። ዛሬ ያ መርዝ በአዲስ ሰዓት ላይ የለም። የአያት የአባት የሆነ በሌሊት ያበራ የነበረ በጣም አሮጌ ሰዓት ያላችሁ ግን ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች ለእኛ ለውዱእ አድራጊዎቹ የሚጠቅሙ ናቸው። እንግሊዛዊው ሃርውድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላ የእጅ ሰዓት ሠራ። ሮሌክስ ኩባንያ ደግሞ በ1926 ውሃ የማያስገባ ሰዓት አወጣ። በቀጣዩ ዓመት መርሴዲስ ግላይትሰ የተባለች ዋናተኛ ሰዓቱን አንገቷ ላይ አድርጋ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ለሰዓታት ስትዋኝ ሰዓቱ ሳይቆም መውጣቱ በጋዜጣ ተነገረለት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከጃፓን ነው። ሴኮ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 በባትሪና በኳርትዝ ድንጋይ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በወቅቱ ከመኪና ዋጋ ጋር የሚቀራረብ። ዛሬ በብዙ ሰዓቶች ውስጥ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ቅንጣት በባትሪው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰዓቱም ይህን ቆጥሮ አንድ ሰከንድ ይላል። በሞላ የሚሠራ ጥሩ ሰዓት በቀን 10 ወይም 15 ሰከንድ ቢዛነፍ አያስወቅሰውም። የኳርትዝ ሰዓት ግን 15 ሰከንድ የሚዛነፈው በወር ነው። በዚህ ምክንያት የስዊስ ሰዓት ሥራ ተናጋ፤ በ1970 ወደ 90,000 የነበሩት ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረዱ። ዋጋውም እየረከሰ ሄዶ ካሲዮ በ1989 ያወጣት ትንሿ የፕላስቲክ ሰዓት ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ገበሬው የሚያስራት ሆነች።

እዚህ ላይ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሞላ የሚሠራ ሰዓታችሁ በቀን 15 ሰከንድ የሚቀድም ከሆነና በረመዳን መግቢያ አስተካክላችሁ ዳግም ካልነካችሁት በ30ኛው ቀን 7 ደቂቃ ተኩል ይቀድማል። የመጨረሻዎቹን፣ በላጮቹን አሥር ቀናት ያለ ወቅቱ ልታፈጥሩ ነው። በየሳምንቱ በጁሙዓ ቀን አንድ ጊዜ ማስተካከል ይህን ሁሉ ያስቀራል። በጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ብትሞሉት ደግሞ መርሳት አይመጣም። ሲጠነክር አቁሙ፤ አታስገድዱት።

የአዲስ አበባ አዛን ለጅማ ይሆናል?

በደብዳቤና በስልክ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። «በአዲስ አበባ አዛን በሬድዮ ስንሰማ በየሀገራችን ማፍጠር እንችላለን ወይ?» የሚል ነው። መልሱን ከፀሐይዋ እንውሰድ። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ጅማ ከአዲስ አበባ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ናት። ስለዚህ መግሪብ በጅማ የሚገባው እንደ ወራቱ ከአዲስ አበባ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። በአሶሳ ልዩነቱ ወደ 17 ደቂቃ ይደርሳል። በአዲስ አበባ አዛን የሚያፈጥር የጅማ ወይም የአሶሳ ቤተሰብ ፀሐይ ሳትጠልቅበት ነው የሚያፈጥረው። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ አዛኑም ለአዲስ አበባ ትክክል ነው። ጾሙ ግን ተበላሸ።

ሐረርና ድሬዳዋ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ናቸው። በሐረር ፀሐይ ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣለች፤ ቀድማ ትጠልቃለች። የሐረር ሰው በአዲስ አበባ አዛን ቢያፈጥር የጠፋበት ማፍጠርን የማፍጠን ሱና ነው። ሰሑሩን ግን የአዲስ አበባን የፈጅር አዛን እስኪሰማ ቢያራዝም ጎህ ከቀደደ በኋላ እየበላ ነው። ስለዚህ የየአካባቢያችሁን የወቅት ሰሌዳ ያዙ። ከዘመድ የተላከ የሌላ ከተማ ሰሌዳ ከግድግዳችሁ ላይ ካለ አውርዱት።

የእጅ ስልክ ያላችሁ ልጆቻችን «እኛ አፕሊኬሽን አለን» እንደምትሉ እናውቃለን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። ስልኩ ያላችሁበትን ከተማ ይዟል ወይስ ባለፈው ወር የነበራችሁበትን? የፈጅርን ስሌትስ በየትኛው መንገድ ነው የሚያወጣው? አንዱ ስሌት ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ በታች ስትሆን ፈጅር ይላል፤ ሌላው 18፣ የግብጹ ደግሞ 19 ተኩል ይላል። በእኛ ሀገር በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 18 ደቂቃ ገደማ ልዩነት አለ። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ስልክ ሦስት ፈጅር ካወጀ፣ አካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎች የሚሠሩበትን መርጣችሁ ሁሉንም በዚያ አስተካክሉ።

ሰዓትን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ዛሬም ፀሐይዋ ናት። ደመና በሌለበት ቀን፣ ምዕራቡ ሜዳ ሆኖ ከሚታይበት ቦታ ቆማችሁ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሰጥም ሰዓታችሁን ከሰሌዳው ጋር አስተያዩ። ለልጆች ደግሞ በግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉላቸውና ቀትር ላይ ጥላው የት ድረስ እንደሚያጥር፣ መቼ እንደገና መርዘም እንደሚጀምር ምልክት ያድርጉ። መርዘም ሲጀምር ዙህር ገብቷል። የአዲስ አበባ ልጆች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ፣ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ሲወድቅ ያያሉ። እኛ ይህን በመድረሳ ሳለን ከኪታብ ላይ ቀርተነው ነበር፤ እንጨት ተክለን ያየነው ግን ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው። መዘግየታችን አሁንም ይቆጨናል።

ስለ አያያዙ

ከጂዳ ወይም ከሪያድ በዘመድ የተላከ ሰዓት ሲደርሳችሁ ደቂቃውን አትንኩት። የሳዑዲና የእኛ ሀገር ሰዓት አንድ ነው፤ የሚለያየው የአቆጣጠሩ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል።

ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለው ሰዓት ስትሞሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆጣሪዎቹ በ9 እና በ3 መካከል ሳሉ ቀኑን በመሙያው በፍጥነት አትለውጡ፤ ቀን የሚያዞረው ጥርስ በዚያ ጊዜ ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል ይሰበራል። ቆጣሪዎቹን 6 ላይ አድርጋችሁ ከዚያ ቀኑን ለውጡ። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር የምትሞሉ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር ታገኛላችሁ። ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ ይልቅ በምሽቱ 12 ሰዓት እንዲለወጥ ማድረግ ትችላላችሁ። የሂጅራን ቀን ለመከታተል ይህ ይመቻል፤ የእኛ ቀን የሚገባው በመግሪብ ነውና። የሰዓቱ መስኮት ግን እስከ 31 ስለሚቆጥር ጨረቃ በታየች ቁጥር ወደ 1 መመለስ አለባችሁ።

የኳርትዝ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ በየሰከንዱ መሄዱን ትቶ በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም አራት ሰከንድ እየዘለለ ከሄደ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው እያላችሁ ነው። ብዙ ሰዓቶች ይህ ምልክት አላቸው። እስኪቆም አትጠብቁ። የቆመ ሰዓት ውስጥ የሞተ ባትሪ መተው ደግሞ ከመዛግ በላይ ነው፤ የሚፈሰው ነገር ውስጡን ይበላዋል። እኛን ያየ ይቀጣ፤ ያቺ በኪሳችን የዞረች ሰዓት ዳግመኛ አልሠራችም። የወጣውን ትንሽ ባትሪ ሕፃን እንዳያገኘው ተጠንቀቁ፤ ቢውጠው ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ከዋጠም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ብዙ እናቶች ማታ ሰዓታቸውን ሬድዮው ላይ ያስቀምጣሉ። የሬድዮ ድምፅ ማውጫ ማግኔት አለው። በሞላ የሚሠራ ሰዓት ማግኔት ሲይዘው በአንድ ቀን ብዙ ደቂቃ ሊቀድም ይችላል። የኳርትዙ ደግሞ ከማግኔት አጠገብ ሳለ ይቆምና ሲያነሱት ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይቀጥላል፤ ቆሞ መክረሙን አይናገርም። ስለዚህ ይህን ፕሮግራም ስታዳምጡ ሰዓታችሁን ከሬድዮው ራቅ አድርጉት!

በሰዓቱ ጀርባ 30 ሜትር ተብሎ የተጻፈው 30 ሜትር ጥልቀት ይዋኙበት ማለት አይደለም። በፋብሪካ የተፈተነበት የውሃ ግፊት ነው። የዝናብና የውዱእን ርጭት ይችላል፤ ዋናን አይችልም። የሙቅ ውሃ እንፋሎትና ሳሙና ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት ያበላሹታል። ለውዱእ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ልናስብ የሚገባው ለክንዳችን ነው። ከሰዓቱና ከማሰሪያው ሥር ያለው ቆዳ መታጠብ ያለበት አካል ነው። ላላ ያለ ከሆነ ውሃው ሥሩ እንዲገባ እያንቀሳቀሱ ማጠብ ይበቃል፤ ጥብቅ ከሆነ ግን መውለቅ አለበት። ክንዱ ላይ ሰዓት የሚያክል ደረቅ ቦታ የቀረበት ሰው በትክክለኛው ደቂቃ ቢሰግድ ምን ይጠቅመዋል? ለወንዶች የወርቅ ሰዓት እንደማይፈቀድም በዚሁ እናስታውስ።

ያ የመስጂዳችን የግድግዳ ሰዓት ከዚያ ምሽት በኋላ አልተጣለም። ወደ ትክክለኛው ደቂቃ ተመለሰና በሥሩ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። ሰዓቱን ያስተካከለ ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ከየት አይቶ እንዳስተካከለ ይጽፍባታል። የመጀመሪያውን መሥመር የጻፈው ያው 10 ደቂቃ ያስቀደመው ወንድማችን ነው። እስከ ዛሬም በየጁሙዓው ከኹጥባ በፊት ወንበር ላይ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየው እሱ ነው።